«ለእኔስ ስንት ገጽ ተቆጠረልኝ?» — ንባብ ከኦሪት እስከ አፉላ

ዛሬም የማወራችሁ ከአፉላ ነው። በጆሯችሁ የምትሰሙኝም፣ ጽሑፉን እዚህ በፊደል የምታነቡም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። «የምትሰሙም፣ የምታነቡም» ያልኩትን ያዙልኝ፤ የዛሬው ወሬያችን በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ዙሪያ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጠራሁ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሱኮት በኋላ ነው። በሰፈራችን ማትናስ የንባብ ውድድር ተዘጋጀ። ደንቡ ቀላል ነበር። ሰዎች ቡድን ይሠራሉ፤ ቡድኑ ቤተሰብ ወይም ጓደኛሞች ወይም አብረው የሚሠሩ ሰዎች መሆን ይችላል። እስከ ሐኑካ ድረስ ያነበቡትን ገጽ በደብተር ይመዘግባሉ። ቋንቋው አይገድም፤ ዕብራይስጥም፣ አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ሩሲያኛም፣ ዓረብኛም ይቻላል። ብዙ ገጽ ያለው ያሸንፋል። ሽልማቱም መጽሐፍ ነው።

እኛም ተመዘገብን፦ እኔ፣ የ9 ዓመት ልጄና እናቴ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ልጄ ከሲፍሪያ ያመጣችውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ደግሞ ለእናቴ በአማርኛ እነግራታለሁ። እንዲህ እያልን 12 ገጽ ሄድን። ልጄ ደብተሩን ከፍታ «እኔ 12፣ እማ 12» ብላ ጻፈች። እናቴ ስኒዋን ይዛ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ለእኔስ ስንት ገጽ ተቆጠረልኝ?» አለች።

ልጄ በዕብራይስጥ መለሰችላት፦ «ሳቭታ፣ አንቺ እኮ ሰማሽ እንጂ አላነበብሽም!»

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኛ የገባነው በ1991 ነው፣ በዘመቻ ሰሎሞን፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን በመጣበት በግንቦት ወር። በዚያ ሰሞን ከእናቴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ትንሽ ልጅ ብሆንም ዕብራይስጡን ከእሷ ቀድሜ መልቀም ጀምሬያለሁ። ጸሐፊዋ ፎርም ትሞላለች። «ማንበብና መጻፍ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ እናቴን አየቻትና፣ ምንም ሳትጠይቃት «አትችልም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እናቴ ግን ፊደል ታውቃለች፤ አማርኛ ታነባለች። እኔም ያንን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

እንግዲህ ያን ዕለት ማታ ልጄ በደብተሯ ላይ የሳቭታን ስም ሳትጽፍ ስትቀር፣ ያ ፎርም ነው የታየኝ። ስለዚህ ጥያቄውን ይዤ ወደ ታሪክ ሄድኩ። ለመሆኑ በእኛ ዘንድ ማንበብ ማለት ምን ነበር? አንባቢ የሚባለውስ ማን ነው?

ከኦሪት እንጀምር። በጎንደርና በትግራይ የነበሩት የቤተ እስራኤል ቄሶች የሚያነቡት መጽሐፍ በግዕዝ የተጻፈ፣ ብራና ላይ የሰፈረ ነው። ኦሪት ሲሉ ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይጨምራሉ፤ ስምንት ናቸው። ብራና ማለት ቆዳ ነው። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ከዚያ ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ በመቃ ብዕር አንድ በአንድ ይጽፋል። ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ ብዙ በግና ፍየል ያስፈልጋል፤ ጊዜውም ረጅም ነው። ስለዚህ መጽሐፍ በየቤቱ አይገኝም። ለሁሉ የሚሆን ጥቂት መጽሐፍ ነው ያለው፣ እሱም በቄሱ እጅ።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ግዕዝን አብዛኛው ሕዝብ አይሰማውም። ስለዚህ ቄሱ በግዕዝ ያነባል፣ ከዚያም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዳል፤ ሕዝቡ ያዳምጣል። ከመስማት ብዛት ፊደል ያልቆጠረው ሰው ጸሎቱን በቃሉ ይዞታል። ልብ አላችሁ? አንድ ንባብ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ የሚያነብ፣ የሚተረጉምና የሚሰማ። አንዳንዴ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሰው ይሆናሉ። ሰሚው ግን የግድ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አልነበረም። በጥንት ዘመን በምኩራቦች አንዱ ቶራውን በዕብራይስጥ ያነብ ነበር፤ አጠገቡ የቆመው ደግሞ ሕዝቡ በሚናገረው በአራማይስጥ ይተረጉም ነበር። ተርጓሚው «መቱርገማን» ይባላል። ትርጉሙ ደግሞ «ታርጉም»። ከአማርኛው «ትርጉም» ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን ለማየት መዝገበ ቃላት አያስፈልጋችሁም።

አሁን ሲግድን አስቡ። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሕሽቫን 29 የምናከብረውን። ብዙዎቻችሁ ከትምህርት ቤት ጋር ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ሄዳችኋል። የእስራኤል ክኔሴት በ2008 በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል። ከዚያ በፊት አያቶቻችን በአምቦበርና በሌሎችም ቦታዎች ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ኦሪቱን ከያዙት ቄሶች ኋላ ተራራ ይወጡ ነበር። ተራራው ላይ ምን ይደረጋል? ጸሎት አለ፣ መስገድ አለ፤ ደግሞም ንባብ አለ። ከሚነበቡት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው።

ነህምያ ምዕራፍ 8ን ከፍታችሁ እዩት። ከባቢሎን የተመለሰው ሕዝብ በኢየሩሳሌም በውኃ በር አደባባይ ይሰበሰባል። ወንዱም ሴቱም፣ ሰምቶ ማስተዋል የሚችለውም ሁሉ አለ። ዕዝራ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ያነባል። ሌዋውያን በሕዝቡ መካከል ሆነው ያስረዳሉ። ሕዝቡም ሰምቶ ያለቅሳል። እንግዲህ ያን ቀን መጽሐፉን በእጁ የያዘው ዕዝራ ነው። ያለቀሰው ግን ሕዝቡ ነው። ያልገባው ሰው አያለቅስም። እኛም ይህን ታሪክ ተራራ ላይ ቆመን የምንሰማው በዚያው መንገድ ነበር፤ አንዱ እያነበበ፣ ሌላው እያስረዳ፣ ሁሉም እየሰማ።

ከዚያ የወረቀት መጽሐፍና የትምህርት ቤት ዘመን መጣ። በ1904 ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፤ ሲመለስ ወጣቶችን ይዞ ወደ አውሮፓ ወሰደ። ከእነሱ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበር። ፈረንሳይና ጣሊያን ተማረና ተመልሶ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ለተከፈተው የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ዮና ቦጋለም ከዚያው መስመር የወጣ አስተማሪና የማኅበረሰቡ መሪ ነው። በ1954 አስመራ ላይ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በ1955 እና በ1956 ደግሞ በሁለት ዙር 27 ልጆችና ወጣቶች ወደ እስራኤል፣ ወደ ክፋር ባትያ ተልከው ተማሩ። ብዙዎቹ ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ።

ጥቂት ናቸው፣ አይደል? ግን አንድ ሰው ፊደል ሲያውቅ በገጠር ምን እንደሚሆን ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። የመንደሩ ሁሉ ዓይን እሱ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እሱ ይኬዳል። የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ ወደ እሱ ይኬዳል። «እስቲ አንብብልን» ይባላል። አስተማሪ ከሌለ ደግሞ ሥራው የተማሪ ልጅ ነው። የጎረቤትን ደስታም መርዶም ቀድሞ የሚያውቀው የ10 ዓመት ልጅ ነው።

ይህ ሥራ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ወደ አፉላ መጣ። ከባንክ፣ ከዒሪያ፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣውን ፖስታ ከፍታችሁ ለወላጆቻችሁ ያነበባችሁት እናንተ አይደላችሁም? እኔ በ11 ዓመቴ የመብራትና የውኃ ሒሳብ አነብ ነበር። ያኔ ይከብደኝ ነበር፤ ከጨዋታ ተነጥቄ እጠራለሁ። ያ ነገር ስም ያለውና የከበረ የቆየ ሥራ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ፤ ፊደል እንዴት አወቀች? በ1979፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1971 ሐምሌ ላይ፣ የደርግ መንግሥት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ። ጎልማሳው ሁሉ ማንበብና መጻፍ ይማር ተባለ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። ስለ ደርግ ብዙ የሚባል አለ፤ ቤተሰቦቻችን በዚያ ዘመን ብዙ ተሰቃይተዋል፤ ከዚያ ሽሽት በሱዳን በረሃ የቀረብን ሰው ብዙ ነው። ይህም እያለ፣ በዚያው ዘመን በኩራዝ ብርሃን «ሀ ሁ ሂ» ያሉ እናቶችና አባቶች አሉ። እናቴ ከእነሱ አንዷ ናት። ቀን ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ማታ ትማር ነበር። «ስሜን የጻፍኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም» ትላለች።

ከዚያ 12 ዓመት ሳይሞላ እስራኤል ገባች። ከላይ ወደ ታች የምታውቀው ፊደል ሁሉ በአንድ ሌሊት ዋጋ አጣ። ማንበብ የሚባለው ከቀኝ ወደ ግራ ሆነ። ፎርሙ ላይ ያ ምልክት የተደረገው ያኔ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ማዳመጥን እንደ ንባብ የቆጠረችው ሃይማኖት ብቻ እንዳትመስላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1958 ታተመ። ገዝቶ ያነበበው ሰው ብዙ ነው። ይልቅ ብዙው ሕዝብ ያወቀው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፣ ትረካው ሲያልቅ ይከራከራል። ዛሬም ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ሲባል፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ታሪኩን ይነግራችኋል። ያ ሰው መጽሐፉን አያውቀውም ልትሉት ነው?

ስለ ሥራ ባልደረቦችም ልጨምር፤ ምክንያቱም በውድድራችን ከአንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል የመጣ ቡድን ነበር። ሁለቱ የእኛ ሰዎች፣ አንዷ ከሩሲያ የመጣች፣ አንዷ በአቅራቢያችን ካለ መንደር የምትመጣ ዓረብ። በዕረፍት ሰዓት ቡናቸውን ይዘው አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ይህ ነገር የት እንደነበረ ታውቃላችሁ? ኩባ! በ1865 ሃቫና ውስጥ የሲጋራ ጠቅላዮች በፋብሪካቸው አንድ አንባቢ አስቀመጡ። እጃቸው ትምባሆ ሲጠቀልል ጆሯቸው ጋዜጣና ልቦለድ ይሰማል። ለአንባቢው የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። ገዢዎቹ ፈሩት፤ በ1866 ከለከሉት፤ በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋራ ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ከወደዱት የአሌክሳንደር ዱማ ልቦለድ ነው ይባላል። ገዢ የሚፈራው ንባብ፣ እንግዲህ፣ ሳይቆጠር አይቀርም።

ወደ ቤታችን ወደ እስራኤል እንመለስ። አፉላ በኤሜቅ ይዝርዔል የተቆረቆረችው በ1925 ነው። በዓመቱ፣ በ1926፣ ቴል አቪቭ ሮትሽልድ ጎዳና ላይ መጻሕፍት ለሽያጭ ተደረደሩ፤ ዛሬ በየዓመቱ በሰኔ የምናየው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሳምንት የተነሣው ከዚያ ነው። ከተማችን ከመጽሐፍ ሳምንቱ በአንድ ዓመት ብቻ ትበልጣለች ማለት ነው። አፉላ የገባው ሰው ሁሉ ደግሞ የራሱን ፊደል ይዞ ነው የገባው። ይዲሽ የሚያነብ፣ ሩማንኛ የሚያነብ፣ ዓረብኛ የሚያነብ፣ ሩሲያኛ የሚያነብ መጣ። እኛ በመጨረሻ ፊደላችንን ይዘን መጣን። እያንዳንዱ ትውልድ በኡልፓን ወንበር ላይ ከልጁ በታች ሆኖ ጀምሯል።

ውድድርም ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በየዓመቱ በነጻነት ቀን የምታዩት ሒዶን ሃታናኽ የተጀመረው በ1958 ነው። የመጀመሪያው አሸናፊ ዓሞስ ሐካም ይባላል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በዓይነ ስውራን ተቋም የሚሠራ፣ የመናገር ችግር የነበረበት፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነበር። ተምሮ ያደገው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ያስተማረው አባቱ ነበር። ቴሌቪዥን በሌለበት ዘመን አገሩ ሁሉ በሬዲዮ ሰማው። ዋንጫው ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ከጀርባው ግን አባት ሲያነብ ልጅ የሚያዳምጥበት ቤት አለ።

እንግዲህ በሲግድ ሳምንት የየቡድኑ ተወካዮች ማትናስ ተሰበሰብን፤ እኔም ይህንኑ ይዤ ተነሣሁ። «የሰማ ሰውም ይቆጠርለት» አልኩ። ቀላል አልነበረም። አንድ አባት ወዲያው ተቃወሙ፦ «የእኔ ልጅ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ተጋድሞ 'አባ፣ እያነበብኩ ነው' ሊለኝ ነው! ወደዚህ አገር ያመጣናችሁ እኮ ራሳችሁ እንድታነቡ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለሌላ ሰው ዓይን ጥገኛ ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ያነበበላቸው ሰው የዘለለውን መስመር የሚያዩበት መንገድ የለም። ታሪክ ያወራሁት መሃይምነትን ላስውብ አይደለም፤ ማንበብ መቻል መብት ነው፣ ጉልበትም ነው።

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እንዲህ አልን። ገጹ ለሰሚው የሚቆጠረው አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው ለሰው ካነበበው ነው። ሁለተኛ፣ ሰሚው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ከተናገረ ነው። ነህምያ ላይ «አስተዋሉ» የተባለው ይህ ነው ብለን ተስማማን። እኚያ አባትም «መልሶ የሚናገር ከሆነስ ይሁን» አሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ደንቡን ለቤተሰቤ ነገርኩ። ልጄ 7 ገጽ አነበበች፣ እኔ ተረጎምኩ፣ እናቴ መልሳ ተናገረች። ምን ልበላችሁ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ የእሷ ይጥማል! ልጄ ደብተሩን ከፍታ «ሳቭታ 7» ብላ ጻፈች።

ከዚያ እናቴ ተነሥታ መነጽሯን አመጣች። ሳጥኗ ውስጥ ያስቀመጠችውን የአማርኛ የተረት መጽሐፍ አወጣች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። ለሁለት ገጽ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ልጄ አፏን ከፍታ ነው ያየቻት፤ ሳቭታዋ ስታነብ አይታ አታውቅም ነበር። የማይገባትን ቃል እኔ በዕብራይስጥ ነገርኳት። ሲያልቅ ልጄ ተረቱን ከነጅቡ ከነአህያው መልሳ ተናገረችና፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ አያቷ ዞረች፦

«ሳቭታ፣ ለእኔስ ስንት ተቆጠረልኝ?»

እንግዲህ ውድድሩን አላሸነፍንም። ያሸነፉት የማሸጊያ ክፍሎቹ ናቸው፤ ይገባቸዋል። እኛ ከኋላ ነበርን። ያ ፎርም የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት አንድ ቢሮ ውስጥ አቧራ ለብሶ ይሆናል። በእኛ ቤት ያለው ደብተር ላይ ግን የእናቴ ስም አለ፤ ከፊቱም ቁጥር ተጽፏል።

ለዛሬ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን «በመንደራችሁ ደብዳቤ የሚያነብላችሁ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ስሙን ያስታውሱታል፣ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ፊደል የምታውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የማታውቁ ከሆነ ለእነሱ ስጧቸውና እናንተ ስሙ። እነሱም ካልቻሉ እኔ አነብላችኋለሁ፤ ድምፁን አብራችሁ ክፈቱት። ከዚያ የሰማችሁትን መልሳችሁ ተነጋገሩ።

በሚቀጥለው እንገናኝ። ሻቡዓ ቶቭ፣ ሰላም ሁኑ።